አንድ ቅል፣ አንድ ድንጋይ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ አይጎዳችሁም። ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚነጋገርበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋ በአንድ አገር፣ ከአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር የሚኖሩ እንስሳት ነበሩ። የዚያ አገር ክረምት ክፉ ነበር። ወንዙ ሲሞላ ሦስት ወር ሙሉ ከቤት መውጣት የለም። ስለዚህ ዝናቡ ሳይገባ ሁሉም የክረምት ስንቁን ያበጃል። ስንቃቸው ደግሞ ጭኮ ነበር። ገብስ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በሶ ይሆናል። በሶው በነጠረ ቅቤ ይታሽና በዕቃ ተጠቅጥቆ ይቀመጣል። ደህና ተደርጎ የታሸ ጭኮ ክረምቱን ሙሉ አይበላሽም፤ ጠዋት አንድ ጉርሻ የቀመሰ እስከ ማታ ረሃብ አያውቅም።

ይህን ጭኮ ለአገሩ ሁሉ የምታሸው እትዬ ጃርት ነበረች። አሠራሩን የተማረችው ከእናቷ ነው። መስፈሪያዋም ከእናቷ የወረሰቻት አንዲት ቅል ነበረች። እትዬ ጃርት ቁጥር አይሆንላትም፤ ከአምስት ካለፈ ወስፌዋን ከጀርባዋ እየነቀለች፣ መሬት ላይ እየደረደረች ነው የምትቆጥረው። ጭኮ ላይ ግን ተሳስታ አታውቅም።

«ሁለት ቅል በሶ፣ አንድ ቅል ቅቤ፤ እናቴ ያለችኝ ይህን ነው» ትላለች። ትሰፍራለች፣ ታሻለች፣ ትጠቀጥቃለች። አበቃ።

ነገር ግን በቅሏ የተነሳ ጭቅጭቅ አይጠፋም ነበር። እያንዳንዱ ቤት የበሶና የቅቤ ድርሻውን በዚያች ቅል እየሰፈረ ይሰጣታል። ታዲያ አንዱ ቅሏን ነቅነቅ ነቅነቅ እያደረገ ጢም አድርጎ ይሰፍራል። ሌላው ላይ ላዩን ጣል ጣል ያደርግና «ይኸው ሞላ» ይላል። ከርከሮ በተለይ በየዓመቱ ይጣላ ነበር። «የእኔ ተቆልሎ የሌላው ከአፉ እየጎደለ፣ ስንበላ እኩል ነው?» ይላል። እውነቱን ነው። ሁሉም ያውቁታል፤ መላው ግን ጠፋቸው።

አንድ ዓመት፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ከማዶ ጋሽ ጉሬዛ መጣ። ጉሬዛን ታውቁታላችሁ፤ ነጭና ጥቁር ጸጉሩን እንደ ካባ ትከሻው ላይ ጥሎ ከዛፍ ዛፍ የሚሄደው ነው። ንግግሩ የተመጠነ፣ አረማመዱ የሹም። በእጁም ያ አገር አይቶት የማያውቅ ነገር ይዞ ነበር። ረጅም በትር ነው፤ በሁለቱ ጫፍ ሁለት እኩል ገበቴ ተንጠልጥሎበታል።

«ሚዛን ይባላል» አለ በሸንጎው ዛፍ ሥር ለተሰበሰቡት። «ቅል ዓይን ያታልላል። አንዱ ይነቀንቀዋል፣ አንዱ ይቆልለዋል። ሚዛን ግን ወዳጅም ጠላትም የለውም።»

ከዚያ የእትዬ ጃርትን ቅል ተቀበለና በሶ ሞላባት። በሶውን በአንደኛው ገበቴ ገለበጠው። በሌላኛው ገበቴ ከወንዝ የለቀማቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ ሲሞክር ቆይቶ፣ በአንዱ ላይ በትሩ ቀጥ አለ። ወዲያም አላለ፣ ወዲህም አላለ።

«አያችሁ» አለ ድንጋዩን ከፍ አድርጎ። «አንድ ቅል፣ አንድ ድንጋይ።»

«አንድ ቅል፣ አንድ ድንጋይ» አሉ ሁሉም፤ ከርከሮ ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ አለ።

«እንግዲህ እንዲህ ይሁን» አለ ጉሬዛ። «ድርሻችሁን እንደ ለመዳችሁት በቅል ወደ እኔ ጎተራ አምጡ። አሰፋፈሩን እኔ ራሴ ቆሜ አያለሁ። እኔ ደግሞ በዚህ ድንጋይ እየመዘንኩ ለእትዬ ጃርት አስረክባለሁ። ሠላሳ ቅል ከገባ ሠላሳ ድንጋይ ይወጣል። የሚሟገት ካለ ቁጥሩ ይኸው።»

የአገሩ ዳኛ አባ ኤሊ አንገቱን ቀስ አድርጎ አወጣ። «ስንሰጥህስ ለምን በሚዛን አትቀበለንም?»

«ሚዛኑ አንድ፣ እናንተ ብዙ። ሁሉንም ልመዝን ብል ዝናቡ ይቀድመኛል፣ አባቴ።»

ይህም ልክ መሰላቸው። እትዬ ጃርትን ብቻ አንድ ነገር አላማራትም፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

«ጋሼ፣ ለቅቤውም ይኸው ድንጋይ ነው?» አለች።

«እትዬ ጃርት፣ የበሶ ቅል፣ የቅቤ ቅል የሚባል አለዎት?»

«የለኝም። አንዲት ቅል ናት ያለችኝ።»

«ታዲያ ቅሏ አንድ ከሆነች ድንጋዩ እንዴት ሁለት ይሆናል?»

እትዬ ጃርት አሰበች። ቅሏ አንድ ናት፤ ድንጋዩም አንድ ነው። ግራ እንደገባት ወደ ቤቷ ሄደች።

ጉሬዛ ጎተራውን ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ሠራ፤ ራሱ ሾላው ላይ ያድራል። የአገሩን ሸክም የምትሸከመው አህያም ከየቤቱ ወደ ጎተራው፣ ከጎተራው ወደ እትዬ ጃርት ቤት ታመላልስ ጀመር። የመጀመሪያው ጭነት እንደ ደረሰ እትዬ ጃርት እጇን ታጥባ ተቀመጠች። አሁን ሁሉም ነገር በድንጋይ ነው። «ሁለት ድንጋይ በሶ፣ አንድ ድንጋይ ቅቤ» አለች። የእናቷን ቃል ስትለውጥ አፏ ትንሽ ተያዘባት፤ ሆኖም አሸችው።

ጭኮው አልያዝ አላት። በመዳፏ ጨበጥ ስታደርገው እንደ አሸዋ በጣቶቿ መካከል ፈሰሰ።

ገብሱ በዛ ብሎ ተቆልቶ ይሆናል ብላ ከራሷ ቤት ሌላ ገብስ ለስለስ አድርጋ ቆላች። ፈረሰ። አፈጫጨቱ ሻክሮ ይሆናል ብላ ደግማ ፈጨች። ፈረሰ። ቅቤውን ሞቅ አድርጋ አሸች፣ ቀዝቀዝ አድርጋ አሸች፣ በፀሐይ አሸች፣ በጥላ አሸች። ፈረሰ። ጭኮ ሲፈርስባት በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሰባት ቀን ሙሉ ፈረሰባት።

ወደ ጉሬዛ ሄደች። «ጋሼ፣ ቅቤው የጎደለ ይመስለኛል።»

ጉሬዛ አልተቆጣም። ሚዛኑን አንጠለጠለ። ድንጋዩን በአንድ ገበቴ አኖረ፣ በሌላው ቅቤ አንቆረቆረ። በትሩ ቀጥ አለ።

«ጎደለ?» አላት።

«አልጎደለም።»

«ሚዛኑ ዋሸ?»

«አልዋሸም።»

«ታዲያ ምኑ ነው?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። እኔ ነኝ መሰለኝ።»

ጉሬዛ ካባውን ሰብሰብ አድርጎ አዘነላት። «ይሆናል። እጅ ሲያረጅ እንደ ደረቅ ቆዳ ቅቤ ይጠጣል ይባላል። የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የዕድሜ ነው።»

እትዬ ጃርት መንገዱን ሁሉ እጆቿን እያገላበጠች አየቻቸው። የድሮ እጆቿ ናቸው። ቅቤ ሲጠጡ አላየችም። ነገር ግን ራስን በራስ ማየት ይከብዳልና እርግጠኛ መሆን አቃታት።

ወሬው አገሩን አዳረሰ። ደመናውም በተራራው ላይ መከማቸት ጀመረ። ሸንጎ ተጠራ። ከርከሮ ከአንዱ ጭኮ ጭብጥ አድርጎ አምጥቶ በአባ ኤሊ ፊት በተነው።

«ይህ ስንቅ ነው?» አለ። «ይህንን ነው ልጆቼ ሦስት ወር የሚበሉት? በአንድ ወር ይሻግትብናል። እትዬ ጃርትን ልጠይቃቸው። ሠላሳ ቅል ቅቤ ሰጥተናል። ጋሽ ጉሬዛ ሠላሳ ድንጋይ አስረክቤያለሁ ይላል። ተቀብለዋል?»

«ተቀብያለሁ።»

«ተመዝኖ?»

«ተመዝኖ።»

«ታዲያ ቅቤው የት አለ?» አለና፣ እስካሁን በአንቱታ ያናገራትን፣ ቃሉን ለወጠ። «በላሽው። ሌላ ምን ይባላል? በላሽው።»

እትዬ ጃርት አልበላሁም ልትል አሰበች። ነገር ግን ያልበላችው ቅቤ የት እንደገባ ቢጠይቋት የምትለው የለም። የገባው ተቆጥሯል፣ የወጣው ተቆጥሯል፣ እሷ ቤት ደርሷል። እሷ ቤት ሲደርስ ነው የሚጠፋው። አንድ ጊዜማ ሳላውቅ እየበላሁት ይሆን እንዴ ብላ ራሷን ጠረጠረች። ሰው ግራ ሲገባው የማያስበው የለም።

«ሦስት ቀን እንሰጥሻለን ልጄ» አለ አባ ኤሊ። «ቅቤውን አምጪ፤ ወይም የት እንደገባ አስረጂን። ካልሆነ ወንዙ ሳይሞላ ጓዝሽን ይዘሽ ትሻገሪያለሽ።»

በማግስቱ እትዬ ጃርት ጓዟን መሸከፍ ጀመረች። አህያዋ የቀረውን በሶ ይዛ መጣች። ጃርት ጭነቱን ልታወርድላት ስትጠጋ የአህያዋ ግራ ጎን ተልጦ አየች። ቀኙ ደህና ነው። የራሷ ጭንቅ እያለባት ውሃ ለብ አድርጋ ታጥብላት ጀመር።

«ምን ላጠሽ እህቴ?»

«ጭነት ነዋ እትዬ።»

«ግራሽን ብቻ?»

«ከየቤቱ ወደ ጎተራ ስሄድ በቀኝ አምስት ቅል በሶ፣ በግራ አምስት ቅል ቅቤ ይጭኑብኛል። ጭነቱ ወደ ግራ ያጋድላል። ገመዱ እየሳበ ጎኔን ይልጠኛል።»

«ከጎተራ ወደ እኔ ስትመጪስ?»

«አምስት ድንጋይ በሶ በቀኝ፣ አምስት ድንጋይ ቅቤ በግራ። ያኔ ቀጥ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሳይታወቀኝ እደርሳለሁ።»

ጃርት ማጠቧን አቆመች። «ስትሄጂ ያጋድላል፣ ስትመጪ አያጋድልም።»

«አዎ።»

«አንድ ቅል፣ አንድ ድንጋይ ከሆነ ስትሄጂም ስትመጪም አንድ መሆን አልነበረበትም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ። እኔ አህያ ነኝ።»

«ይህን ለማን ነግረሻል?»

«ማን ጠይቆኝ።»

እትዬ ጃርት ጓዟ ላይ ተቀመጠች። ከበፊቱ የባሰ ግራ ገባት። ልዩነቱ ግን፣ እስከዚያች ሰዓት ግራ የገባት በራሷ ነበር፤ አሁን ግራ የገባት በነገሩ ሆነ። ተነስታ ሁለት እኩል ስልቻ አመጣች። በአንዱ አንድ ቅል በሶ፣ በሌላው አንድ ቅል ቅቤ ጨመረች። አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ እጇ አንጠለጠለች። የቅቤው እጅ ወደ ታች ጎተታት። እጅ አለዋወጠች፤ የቅቤው እጅ ጎተታት። አህያዋ ላይ ጫነችው።

«ወዴት ያጋድላል?»

«ወደ ቅቤው» አለች አህያዋ።

በሦስተኛው ቀን ሸንጎው ተቀመጠ። እትዬ ጃርት ቅሏን በአንድ እጇ፣ የአህያዋን ገመድ በሌላ እጇ ይዛ መጣች። ከርከሮ አህያ በሸንጎ ምን ትሠራለች ብሎ አጉረመረመ።

«አባቴ» አለች ለአባ ኤሊ፣ «ቅቤው የት እንደገባ አላውቅም። አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ጋሽ ጉሬዛ ሚዛናቸውን ያምጡልኝና እዚሁ በፊታችሁ ልጠይቀው።»

ጉሬዛ ሚዛኑን አመጣ። ጃርት በቅሏ በሶ ሰፍራ በገበቴው ገለበጠች። ድንጋዩን በሌላው አኖረች። በትሩ ቀጥ አለ።

«አንድ ቅል፣ አንድ ድንጋይ» አለ ከርከሮ።

ጃርት በሶውን አወጣችና በዚያችው ቅል ቅቤ ሰፍራ አንቆረቆረች። ገበቴው ወርዶ መሬት ነካ። ድንጋዩ ወደ ላይ ተሰቀለ።

ከርከሮ አንዴ ቅሏን፣ አንዴ ድንጋዩን አየ። «ቅሏ ያችው ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ድንጋዩም ያው ነው። ምንድነው የሆነው?»

«እኔም ይኸው አሥር ቀኔ ምንድነው የሆነው እያልኩ ነው» አለች ጃርት።

ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነ ሁለተኛ ድንጋይ ጨመረች፤ አሁን ድንጋዮቹ ከበዱ። ሁለተኛ ቅል ቅቤ ጨመረች፤ ቅቤው ከበደ። ሦስተኛ እኩያ ድንጋይ ስታክል በትሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። እትዬ ጃርት ከጀርባዋ ወስፌ ነቀለች። በአንድ በኩል ሁለት ደረደረች፣ በሌላ በኩል ሦስት። «ሁለት ቅል ቅቤ፣ ሦስት ድንጋይ» አለች። ለሌላ ሁለት ቅል ሌላ ሦስት፣ ለሌላ ሁለት ሌላ ሦስት እያለች ደረደረች፤ ጀርባዋ ሊራቆት ደረሰ። ሠላሳ ቅል ስትሞላ አባ ኤሊ የድንጋዩን ረድፍ ቆጠረ።

«አርባ አምስት» አለ። «ሠላሳ ቅል ቅቤ አርባ አምስት ድንጋይ ነው። ስንት ነው የደረሰሽ ልጄ?»

«ሠላሳ ድንጋይ።»

«አሥራ አምስቱ የት ሄደ ጉሬዛ?»

ጉሬዛ ካባውን አስተካከለ። «እኔ ቁጥር ለቁጥር አስረክቤያለሁ። ሚዛኔ አልዋሸም።»

«ሚዛኑስ አልዋሸም» አለ አባ ኤሊ። «አንተ ግን ሚዛኑ ስለ በሶ የተናገረውን ስለ ቅቤ አስመሰከርከው።»

ሽኮኮ ሾላው ላይ እንዲወጣ ታዘዘ። ብዙ አልቆየም። ከሾላው ጎድጓዳ ውስጥ አሥር ቅል የሚሞላ ቅቤ በቅጠል ተሸፍኖ ተቀምጧል ብሎ ከላይ ተናገረ። አሥር ቅል ማለት ያው የጎደለው አሥራ አምስት ድንጋይ ነው። ጉሬዛ ያን ጊዜ አንገቱን ደፋ። ለጸጉሩ ነው የፈለገው። ያን ሁሉ ካባ ዓመቱን ሙሉ ሲያብረቀርቅ ለማቆየት፣ የአገር ስንቅ አጉድሎ፣ አንዲትን ሴት የገዛ እጇን እንድትጠራጠር አደረጋት።

ከርከሮ ወደ እትዬ ጃርት መጣ። «በላሽው ብዬዎታለሁ» አለ።

«ብለኸኛል።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔም በልቼው ይሆን ብዬ ነበር» አለች። አልሳቀችም፤ እውነቷን ነበር።

የሚፈረድበትን ሲነጋገሩ አንዳንዱ ይባረር አለ፣ አንዳንዱ ጸጉሩ ይላጭ አለ። አባ ኤሊ ግን አህያዋን ጠየቃት። በሸንጎ ስትጠየቅ የመጀመሪያዋ ነውና ጆሮዋ ቆመ። ትንሽ አሰበችና፣ «ይሸከመው» አለች።

ስለዚህ ጉሬዛ ከዛፉ ወርዶ አሥሩን ቅል ቅቤ ከሾላው እስከ እትዬ ጃርት ቤት፣ በሁሉም ፊት፣ በራሱ ጀርባ አመላለሰ። ጃርት በየተራው ተቀብላ የፈረሰውን ጭኮ እንደገና አሸችው። ሁለት ቅል በሶ፣ አንድ ቅል ቅቤ። በመዳፏ ጨበጠችው፤ ያዘ። የመጨረሻውን ዕቃ ጠቅጥቃ ስትከድን የመጀመሪያው ጠብታ ጣሪያው ላይ አረፈ።

ሚዛኑን አልጣሉትም፤ ነቅንቆ ሰፋሪና ላይ ላዩን ሰፋሪ የሚታረቁት በሱ ነውና። ለየነገሩ ግን የየራሱን ድንጋይ አበጁለት፤ ለበሶ የበሶ፣ ለቅቤ የቅቤ፣ ለጨው የጨው፣ ለማር የማር። በአንዲት ቅል ተሰፍረው አንዱ ለምን ከሌላው እንደሚከብድ ግን እትዬ ጃርት እስከ ዕለተ ሞቷ አልገባትም። አህያዋን ብትጠይቃት እሷም አታውቅም፤ መክበዱን ብቻ ነው የምታውቀው።

ጉሬዛም አሥረኛውን ቅል አውርዶ፣ ጀርባውን እያሸ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ ደጃፉ ላይ ሲቀመጥ አባ ኤሊ ጠየቀው።

«እህሳ፣ የቅቤ ቅልና የበሶ ቅል አንድ ናቸው?»

«አይደሉም አባቴ» አለ ጉሬዛ።

እኔም የሰማሁትን ሳልነቀንቅ ሳልቆልል ሰፈርኩላችሁ። የዚያ አገር ሽማግሌዎችም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይላሉ፤

መስፈሪያ ቢመሳሰል፣ ሸክሙን ጀርባ ያውቀዋል።